የሳተ ኳስ ሰብሳቢዋ ማርሊስ

በእኛ ከተማ በቶርስበርግ የካቲት ወር ላይ ቤት ሰብሮ መግባት ያማረው ሌባ ቢኖር ኖሮ እንደ ልቡ በሆነ ነበር። የልጃገረዶች ቅርጫት ኳስ ባለበት ቀን እቤቱ የሚቀር ሰው የለማ! ቄሱም፣ ጸጉር አስተካካዩም፣ የእህል ጎተራው ኃላፊም ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ውስጥ ትከሻ ለትከሻ ተጨናንቀው ይቀመጣሉ። ወንዶቹ ልጆች ሲጫወቱ ግን ከወላጆቻቸውና ከጥቂት ሥራ ፈቶች በቀር ማንም አይመጣም። የእኛ ክፍለ ግዛት አዮዋ እንዲህ ናት። ሰዉ በቄሱ ስብከት ይቀልድ ይሆናል እንጂ በልጃገረዶች ጨዋታ አይቀልድም።

ያኔ ሴቶች የምንጫወተው ስድስት ለስድስት ነበር። ሜዳው መሃል ለመሃል በመስመር ይከፈላል። ሦስት አጥቂዎች ከመስመሩ ወዲያ ሆነው ያገባሉ፤ ሦስት ተከላካዮች ከመስመሩ ወዲህ ሆነው ይከላከላሉ። መስመሩን መሻገር ለማንም አይፈቀድም። ተከላካይ ኳስ ከቀማች እስከ መስመሩ ታደርስና ለአጥቂ ታቀብላለች፤ ከዚያ በኋላ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ እንደ ተመልካች ቆማ ማየት ነው።

እኔ ካርሊን አጥቂ ነበርኩ፤ ያውም ስም ያለኝ አጥቂ። ዳቦ ልገዛ ስሄድ እንኳ «ትናንት እንዴት አስለቀስሻቸው!» ብሎ በነጻ የሚሰጠኝ ነበር። ጓደኛዬ ማርሊስ ኩቤሽ ደግሞ ተከላካይ ነበረች። ቁመተ ረጅም፣ ክንደ ጠንካራ፣ ነገረ ቀዝቃዛ ልጅ። አራት ዓመት ሙሉ አንድም ጊዜ በጨዋታ ላይ ወደ ቅርጫቱ ወርውራ አታውቅም። ሕጉ አይፈቅድላትም። ጋዜጣው የሚጽፈው ያገባን ሰው ብቻ ስለሆነ ስሟ ወጥቶም አያውቅም። እሷ ግን ቅር ብሏት አላየሁም። አንድ ቀን፣ «አያናድድሽም?» ብላት፣ «ኳሱን ካልወሰድኩላችሁ በምን ታገቢያለሽ?» ብላኝ ጫማዋን ማሰር ቀጠለች።

በ1981 የጸደይ መግቢያ፣ ዴ ሞይን ከተማ የተደረገውን የክፍለ ግዛቱን ውድድር በሦስተኛነት ጨርሰን በተመለስን በሳምንቱ፣ አንዲት ሴት ቤታችን መጡ። ዶራ ላስክ ይባላሉ፤ የኮሌጅ አሰልጣኝ ናቸው። እናቴ ደስታዋን መደበቅ አቅቷት ጥሩውን የጠረጴዛ ልብስ አወጣች። እኔ ግን ከእጮኛዬ ከዱዌን ጋር ቀለበት አስሬ፣ ልቤን ከዚያች ከተማ ላይነቀል ተክዬ ነበር። ሰውነቴን ኮሌጅ ልኬ ልቤን እዚህ ብተው ምን ዋጋ አለው? ይህንኑ ነገርኳቸው።

ሚስ ላስክ አልተቆጡም። ኬካቸውን ጎረስ አድርገው፣ «እንግዲያው አንድ ነገር ንገሪኝ» አሉ። «ያቺ ከኋላ የነበረችው ረጅሟ ልጅ ማን ናት?»

«ማርሊስ?»

«ስሟን አላውቅም። ተቃራኒዎቻችሁ ሲወረውሩ አዳራሹ ሙሉ ቀና ብሎ ኳሱን ያያል። እሷ ብቻ ኳሱ የሚወድቅበትን ቦታ ነበር የምታየው። ሁልጊዜም ቀድማ ትደርሳለች።»

«እነሱ ቤት ሩቅ አይደለም፤ እወስድዎታለሁ» አልኳቸው። ያን ቀን ካደረግኩት ሁሉ የምኮራበት ይኸው ነው።

የኩቤሾች ግቢ ስንደርስ እናትየው ብላንሽ በጣታቸው ወደ አሳማው ቤት ጠቆሙን። አንዲት አሳማ በምጥ ተይዛለች። ማርሊስ ጭድ ላይ ተጋድማ ክንዷን እስከ ብብቷ ከታዋለች። አባቷ ኤሚል ፋኖስ ይዘው ከላይ ቆመዋል።

«እንግዳ ይዤ መጣሁ» አልኩ።

«የኢንሹራንስ ሰው ከሆነ ባለፈው ሳምንት አንዱን አባርሬያለሁ» አሉ ኤሚል ቀና እንኳን ሳይሉ።

«የኮሌጅ አሰልጣኝ ናቸው።»

«ታዲያ አንቺ ልጅ፣ እናንተ ቤት ወንበር ጠፋ? አሳማ ቤት ይዘሽልኝ ትመጫለሽ?»

«የመጡት ለማርሊስ ነዋ።»

ኤሚል ይሄኔ ዞር አሉ። ሚስ ላስክን ከጸጉራቸው እስከ አዲስ ጫማቸው አዩአቸው። ጫማው ቀድሞውኑ ጉድ ሆኗል። «እመቤቴ፣ ተሳስተው እንዳይሆን» አሉ በትሕትና። «ይቺ ልጅ በአራት ዓመት አንዲት ኳስ አላገባችም።»

«አውቃለሁ» አሉ ሚስ ላስክ። «የሚያገቡ ልጆች ሞልተውኛል። ከሚወረውሩት ግማሹን ይስታሉ። የሳቱትን ኳስ ሄዶ የሚያመጣልኝ ሰው ነው ያጣሁት።»

«አባባ፣ መብራቱ!» ብላ ጮኸች ማርሊስ ከታች። «ወሬውን ተዉና መብራቱን ወደዚህ!»

ሚስ ላስክ ፋኖሱን ከኤሚል እጅ ተቀበሉና ጭዱ ላይ ተንበረከኩ። ግልገሉ ወጣ፤ ከዚያ ሌላ፤ ከዚያ ሌላ። ማርሊስ አንዱን በጨርቅ እያሸች ሳለ ሚስ ላስክ ጠየቋት፦ «ኳሱ የት እንደሚወድቅ እንዴት ነው የምታውቂው?»

ማርሊስ ማሸቷን ሳታቆም መለሰች። «ኳስ ከእጅ ስትወጣ ትናገራለች። ካርሊን ለምሳሌ በግራ በኩል ስትወረውር ሁልጊዜ ታጥርባታለች።»

«ሁልጊዜ አታጥርብኝም!» አልኩ።

«ሁልጊዜ» አሉ አባትና ልጅ እኩል።

እውነታቸውን ነው። በየቀኑ ልምምድ ላይ እኔ ስወረውር እሷ ነበረች ፊት ለፊቴ የምትቆመው። እስከ ዛሬ ድረስ፣ «ማርሊስን ማን አስተማራት?» የሚል ሰው ሲገጥመኝ፣ «እኔ ነኝ፤ በመሳት» እላለሁ።

ብላንሽ እጃችንን አስታጥበው በደረቅ ፕሪም የተሞላ ኮላቺ አበሉን። ኮላቺ እንደ ትንሽ ዳቦ ያለ፣ መሃሉ ጣፋጭ ያለበት የቼኮች ምግብ ነው። ሚስ ላስክ አምስት በሉ። ኤሚል በኋላ፣ «እንዲያ የሚበላ ሰው አይዋሽም» ብለው ፈቀዱ።

በኅዳር የመጀመሪያዋ የኮሌጅ ጨዋታ ላይ ዱዌንና እኔ ኤሚልንና ብላንሽን ይዘን ሄድን። ኮሌጅ ውስጥ ጨዋታው አምስት ለአምስት ነው፤ ሁሉም ሜዳውን ሙሉ ይሮጣል። ማርሊስ ይህን ለሁለት ወር ተለማምዳዋለች። ጨዋታው እንደ ተጀመረ ተቃራኒዎቹ ወረወሩና ሳቱ። ማርሊስ ዘልላ ኳሷን ነጠቀች። ፊት ለፊቷ ሜዳው ባዶ ነበር፤ አንድም የሚያግዳት የለም። እያነጠረች ሮጠች፣ ሮጠች፣ ሮጠችና መሃል መስመሩ ላይ ስትደርስ ግድግዳ እንደ ገጠመው ሰው ቀጥ ብላ ቆመች።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እሷ ኳሷን አቅፋ ግራ ቀኝ ታያለች፤ የምታቀብለው አጥቂ ትፈልጋለች። ጆሮዋ ሲቀላ ከተቀመጥኩበት ይታየኛል።

«ተሻገሪ!» አሉ ሚስ ላስክ። «ልጄ፣ ተሻገሪው! ያንቺ ነው!»

ከኛ ረድፍ ኤሚል ተነሥተው ቆሙ። በዕድሜያቸው ጮኸው የማያውቁ ሰው «ማርሊስ! አጥሩ ፈርሷል፣ ሂጂ!» ብለው ጮኹ።

ብትንቀሳቀስም በዚያ ሁሉ መሃል ኳሷን ቀሟት። የመጀመሪያ ነጥቧን ያገባችው ከዚያ በኋላ በሦስተኛው ጨዋታ ነው። ማታውኑ ስልክ ደወለችልኝ። «ካር፣ አገባሁ» አለች። «እንዴት ነበር?» ስላት፣ «መረቡ ሲንሿሿ ከዚህ በፊት ከሩቅ ነበር የምሰማው» አለችኝ። አራት ዓመት ሙሉ ያን ድምፅ ለብቻዬ ስጠግብ እንደ ኖርኩ ያኔ ነው ያስተዋልኩት። ስልኩን ይዤ እንደ ሞኝ አለቀስኩ።

መወርወሩን ቀስ እያለች ለመደችው። ሚስ ላስክ ከልምምድ በኋላ እያስቀሯት እጇን ከመጀመሪያው ፊደል ጀምረው አስተማሯት። ክብሯ ግን ምንጊዜም ከቅርጫቱ ስር ነበር። የሳተች ኳስ፣ የማንም ትሁን የማን፣ ወደ ማርሊስ እጅ ነው የምትመጣው። ከእሷ የሚረዝሙ ነበሩ፤ ከእሷ ከፍ ብለው የሚዘሉም ነበሩ። እነሱ የሚዘሉት ኳሷን ካዩ በኋላ ነው፤ እሷ ግን ቀድማ ቦታው ላይ ቆማ ትጠብቃለች። በአራተኛው ዓመቷ፣ በ1985 ክረምት፣ ኮሌጆቹ ምድባቸውን ካቋቋሙ ጀምሮ ማንም ያልደረሰበትን የተሰበሰቡ ኳሶች ክብረ ወሰን ለመስበር አንዲት ኳስ ብቻ ቀራት።

በዚያ ቀን ከቶርስበርግ ሁለት አውቶቡስ ሞልተን ሄድን። ነገሩ ሲፈጸም ደግሞ አስቂኝ ሆነ። ሪታ የምትባል የቡድን ጓደኛዋ ቅጣት ምት ልትወረውር ቆመች። ሪታ ቅጣት ምት አትስትም፤ የታወቀች ናት። ያን ቀን ግን ኳሷ የብረቱን ከንፈር ገጭታ ወደ ቀኝ ተፈናጠረች። ማርሊስ ሁለት ተከላካዮችን በጀርባዋ ገፍታ አየር ላይ ያዘቻት። ጨዋታው ቆመ። ሰው ሁሉ ተነሥቶ አጨበጨበ። ሪታ እየሮጠች መጥታ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች። «ሆን ብዬ ነው የሳትኩት! ዕድሜሽን ሙሉ ባለ ዕዳዬ ነሽ!» ትላለች።

«ዋሽተሻል» አለቻት ማርሊስ እየሳቀች። «ስትወረውሪ ዓይንሽን ጨፍነሻል፤ አይቼሻለሁ።»

ኳሷን ለአባቷ ወስዳ ሰጠች። አንዱ ጋዜጠኛ ማይክሮፎን አፋቸው ስር ደቀነና «ምን ተሰማዎት?» አላቸው። ኤሚል ኳሷን እንደ ጨቅላ በሁለት እጃቸው ይዘው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እኔ አሳማ አርቢ ነኝ» አሉ። «እኛ ቤት ምግብ መሬት ላይ ወድቆ አይቀርም። ልጄ የወደቀ ነገር አይታ ማለፍ አትችልም፤ ይኸው ነው።» ያ ንግግር በማግስቱ ጋዜጣ ላይ ወጣ። የማርሊስም ስም፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ከላይ በትልቁ ተጻፈ።

ከዚያስ? ከዚያ በኋላማ መንገዱ አለቀ። ወንድ ብትሆን ኖሮ ኮሌጁን ስትጨርስ ትልልቆቹ ቡድኖች ይሻሙባት ነበር። ለሴት ግን በአገራችን ተከፍሏት የምትጫወትበት ሊግ አልነበረም። አንዱ ተሞክሮ ከጥቂት ዓመት በፊት ከስሯል። ማርሊስ ሻንጣዋን ይዛ ጣልያን ሄደች። ከቶርስበርግ ወጥታ ከሁለት ክፍለ ግዛት በላይ ያላለፈች ልጅ!

አራት ዓመት ጣልያን፣ ሰባት ዓመት ጃፓን ተጫወተች። እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ትደውልልኛለች። ሁሌም የምትነግረኝ አንድ የሚያስቅ ነገር አታጣም። ብላንሽ በቆርቆሮ ሞልተው የላኩላት ኮላቺ ባሕር ተሻግሮ ሲደርስ ዱቄት ሆኖ፣ የጣልያን ጓደኞቿ በማንኪያ ተሻምተው እንደ በሉት። ጃፓን ደግሞ አልጋው አጥሯት እግሯን ወንበር ላይ ሰቅላ እንደምትተኛ። ጨዋታ አይተው የሚጠብቋት፣ ስጦታ የሚያመጡላት አሮጊቶች እንደ ነበሩ። «ሰዉ ደግ ነው፣ ካር» ትላለች። «በየሄድኩበት እናት አገኛለሁ።» አንድ ነገር ብቻ ይቆረቁራት ነበር፤ ያንንም የምትናገረው ሲመሽና ድምፅዋ ሲደክም ነው። «አባባ አንዴ ቢያዩኝ!» ኤሚል አውሮፕላን የሚባል ነገር አይወጡም። «ሰው መብረር ቢኖርበት ላባ ይበቅልለት ነበር» ብለው ደርቀዋል።

ኋላ ላይ ደግሞ ሐሳቡም የማይሞከር ሆነ። ኤሚልን የአንጎል ደም መፍሰስ ጣላቸው፤ ቀኝ ጎናቸው ሰነፈ፤ ንግግራቸው እንደ ጣሪያ ውኃ ጠብ ጠብ የሚል ሆነ። ማርሊስ ሁሉን ጥላ መጣች። ጉልበቷም ሁለት ጊዜ በቀዶ ጥገና ተከፍቷል። «በቃኝ፤ እዚሁ እሆናለሁ» አለች። እኔ ሾርባ ይዤ ሄጄ ነበርና ሰምቼአለሁ። ኤሚል ተሽከርካሪ ወንበራቸውን በግራ እጃቸው ወደ እሷ አዞሩ።

«አሳማዎቹን… ሸጫለሁ» አሉ።

«አውቃለሁ፣ አባባ።»

«እዚህ… ምን ትሠሪያለሽ? እኔን… ስታዪ ልትውዪ?»

«አዎ።»

«እኔ… ቲያትር አይደለሁም። ሂጂ… ተጫወቺ።»

ሄደች። እስከ 1996 ድረስ ተጫወተችና ጉልበቷ እምቢ ሲል ተጠቃላ ገባች። ትምህርት ቤታችን ውስጥ ስፖርት ማስተማር ጀመረች፤ ጠዋት ጠዋት አባቷን ታለብሳለች፤ ማታ ዳማ ይጫወታሉ። ሁሉም ነገር ያበቃ መስሎን ነበር።

በቀጣዩ ክረምት አንድ ቅዳሜ እኔ እነሱ ቤት ወጥ ቤት ውስጥ ተቀምጬ ሳለሁ ስልኩ ጮኸ። ሚስ ላስክ ናቸው። ጡረታ ወጥተዋል፤ ጉልበታቸው ግን ያው ነው። ድምፃቸው ከማዳመጫው አልፎ እኔ ዘንድ ይደርሳል።

«ማርሊስ! ጫማሽ የት ነው?»

«የቱ ጫማ?»

«የቱ ይሆናል? የሴቶች ሊግ ሊጀመር ነው! በገዛ አገራችን! ለሁሉ ክፍት የሆነ ፈተና አለ፤ ሐይቁ ዳር ባለችው ከተማ ነው፣ ትሄጃለሽ።»

«ሚስ ላስክ፣ ሠላሳ አራት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ጉልበቴ እንደ አሮጌ በር ይንጫጫል።»

«ዘይት ቀቢው!» አሉና ዘጉት።

ማርሊስ ማዳመጫውን ይዛ ወደ አባቷ ዞረች። ኤሚል በግራ እጃቸው ወደ ጓዳው በር እየጠቆሙ ነበር። ጫማው እዚያ ነበር።

ፈተናው ያለባት ትልቅ ከተማ ከእኛ ግማሽ ቀን በመኪና ታስነዳለች። እኔ ነኝ የነዳሁላት። አዳራሹ በልጃገረዶች ተሞልቷል፤ አብዛኞቹ ማርሊስ ኮሌጅ ስትጨርስ ገና የአንደኛ ደረጃ ተማሪ የነበሩ። ከመካከላቸው የዚያች ከተማ ቡድን አስቀድሞ ያስፈረማት ታንያ ብሩሳርድ የምትባል ከሉዊዚያና የመጣች ልጅ ነበረች። እንደ መብረቅ ትሮጣለች፤ ምላሷም እንደዚያው ነው። ማርሊስ ጉልበቷ ላይ በረዶ አስራ ስትቀመጥ አየቻት።

«እማማ» አለቻት፣ «ልጆችሽን ልትፈልጊ ነው የመጣሽው?»

«አዎ» አለች ማርሊስ። «ራቱን ሳይበላ የወጣ አንድ ልጅ ጠፍቶብኛል። አንቺ ነሽ እንዴ?»

ዙሪያው ሁሉ ሳቀ፤ ታንያም ሳቋን መያዝ አቃታት። በሁለተኛው ቀን ታንያ ከሩቅ ወርውራ ትስታለች፤ ኳሷ መሬት ሳትነካ ማርሊስ ይዛ መልሳ ታቀብላታለች። ደግማ ትወረውራለች፤ ደግማ ትስታለች፤ ኳሷ ተመልሳ እጇ ላይ ናት። ልጅቷ በመጨረሻ እጇን ዘርግታ ቆመች።

«አንቺ ሴትዮ፣ ጠንቋይ ነሽ? ወዴት እንደምትሄድ ማን ነገረሽ?»

«አንቺው ነሻ። ግራ ትከሻሽ ቀድሞ ሲዞር በቀኝ ትወጣለች። ትከሻሽን አቁሚና ወርውሪ።»

ታንያ ትከሻዋን አቁማ ወረወረች። ገባ። «እማማ» አለች፣ አሁን ግን በሌላ ድምፅ፣ «ምሳ የት ነው የምትበዪው?»

ማርሊስን የመጨረሻ ተመራጭ አድርገው ወሰዷት። ተቀያሪ ወንበር ላይ መጨረሻ የምትቀመጠዋ፣ ግን የቡድኑ ሰው። መኪና ውስጥ ገብታ በሩን ዘጋች። ከዚያ ከሆዷ ሳቅ ጀመረች፤ እኔም ተከተልኳት፤ ዓይናችን በእንባ ስለ ተሞላ መንዳት አልቻልኩም።

በሰኔ፣ በቆሎው ጉልበት ላይ በደረሰበት ጊዜ፣ በሜዳቸው የመጀመሪያውን ጨዋታ አደረጉ። ቶርስበርግ ሥራውን ጥሎ ወጣ። ኤሚልን ከነወንበራቸው አራት ሰው ተሸክሞ አውቶቡስ ላይ ጫናቸው፤ ብላንሽ ሙሉ ቅርጫት ኮላቺ ይዘው ከጎናቸው ተቀመጡ። አዳራሹ ስንደርስ ደነገጥኩ። እኔ የማውቀው የየካቲት ሕዝብ እዚያ አሥር እጥፍ ሆኖ ቆሟል። አባቶች ትንንሽ ሴት ልጆቻቸውን ትከሻቸው ላይ አውጥተዋል። ማርሊስ ሜዳ ሳትገባ አላለቅስም ብዬ ነበር፤ መግቢያው ላይ ነው የጀመርኩት።

ማርሊስን ያስገቧት በሁለተኛው አጋማሽ ነው። ቡድኑ እየተመራ ነበር። ታንያ ወረወረች፤ ሳተች፤ ማርሊስ ሰብስባ መለሰችላት፤ ገባ። ቀጥሎም እንዲሁ ሆነ። ከዚያ ታንያ ሁለት ሰው ከቧት እየተንገዳገደች ወረወረች፤ ኳሷ ብረቱን ነክታ ወጣች። ማርሊስ በዚያ በተሰፋ ጉልበቷ ዘልላ ያዘቻትና ለማንም ሳታቀብል በሁለት እጇ መልሳ ከተተቻት። ድምፅ ማጉያው «ማርሊስ ኩቤሽ፣ ከቶርስበርግ፣ አዮዋ!» አለ።

ያን ቀን በሦስት ነጥብ ተሸነፉ። ከኛ መሃል አንድም ሰው የተሸነፈ አይመስልም ነበር። ሲያልቅ ማርሊስ ላብ እያጠመቃት ወደ አጥሩ መጣችና ከአባቷ ወንበር ፊት ተንበረከከች። ኤሚል ግራ እጃቸውን እርጥብ ጸጉሯ ላይ ጫኑ። ከንፈራቸው ለረጅም ጊዜ ታገለ።

«እቤትሽ…» አሉ። «እቤትሽ… ተጫወትሽ።»

«አዎ፣ አባባ። እግዜር ይመስገን» አለች።

ታንያ ከኋላ መጥታ ቆማለች። ምላሰኛዋ ልጅ ፊቷን በፎጣ ሸፍና ነበር። ብላንሽ ዝም ብለው ኮላቺ እጇ ላይ አኖሩላት። «ብዪ፤ ከስተሻል» አሏት።

ሦስት የውድድር ዘመን ተጫወተች። ብዙ ነጥብ አላገባችም፤ በአማካይ ስንት ደቂቃ ትገባ እንደ ነበር የሚያስታውስም የለም። ኤሚል ግን እስከሚሞቱ ድረስ በሜዳዋ የተደረገ ጨዋታ አላመለጣቸውም። በሁለተኛው ክረምት፣ በእንቅልፍ፣ ያለ ጣር አረፉ። ለቀብሩ ታንያ ከሉዊዚያና በስስ ካፖርት መጣች። መቃብሩ ዳር ጥርሷ ሲንገጫገጭ አይቼ የዱዌንን ጃኬት ደረብኩላት። ሳይደግስ አይጣላም ይባላል፤ እግዚአብሔር ከዚያ ቤት ሰው ሲወስድ ሰው ሰጠ። ታንያ ከዚያ ወዲህ በየበጋው ትመጣለች፤ በቆሎ እየጠበሰች ታሾፍብናለች።

ማርሊስ መጫወቱን ስታቆም በዚያው በኮሌጇ ረዳት አሰልጣኝ ሆነች። ክብረ ወሰኗም ሃያ አራት ዓመት ቆየ። ከዚያ ሰሜን ካለው፣ ከዚያው ምድብ ከሆነ ኮሌጅ፣ ብሪን ሃልቮርሰን የምትባል ልጅ ብቅ አለች። የወተት ላም አርቢ ልጅ ናት። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ልትሰብረው እንደምትችል ስንሰማ ማርሊስ ቁልፏን አነሣች። በረዶ ሊጥል ነው ብዬ እንድትቀር ለመንኳት። «ካር፣ እኔ ስይዘው ስንት ሰው መጣልኝ? ተነሽ» አለች።

ሄድን። ልጅቷ ሰበረችው፤ እንዲያውም በአራት አሳለፈችው። ማርሊስን ወደ ሜዳው ጠሯት። ብሪን ፊቷ ቲማቲም መስሎ፣ «ሚስ ኩቤሽ፣ ይቅርታ» አለች።

«ለምኑ ነው ይቅርታ?» አለች ማርሊስ። «ሃያ አራት ዓመት ተሸክሜው ትከሻዬ ዝሏል። በይ ያዢው። ስትይዢ ግን ክርንሽን ዘርጊ፤ ዛሬ ሁለት ኳስ ነጥቀውሻል።»

«ሦስት» አለች ልጅቷ።

«እሰይ! ስለምትቆጥሪ ትደርሻለሽ» ብላ አቀፈቻት።

ስንመለስ ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም፤ በረዶው ግን መንገዱን በልቶታል። ከከተማው ወጣ እንዳልን መኪናችን ተንሸራቶ ቦይ ውስጥ ገባ። ጎማው ይሽከረከራል፤ እኛ ከቦታችን አንነቃነቅም። «ብዬሽ ነበር» አልኩ። «ብለሽኝ ነበር» አለች። እንዲህ እየተባባልን ሳለ ከኋላችን አንድ ትልቅ አውቶቡስ መጥቶ ቆመ። የብሪን ቡድን ነው፤ በማግስቱ ወዳለባቸው ጨዋታ እየተጓዙ ነበር። በሩ ተከፈተና ልጃገረዶቹ በቱታ፣ ጸጉራቸው ገና ሳይደርቅ፣ እየጮኹ ወረዱ።

«ሚስ ኩቤሽ፣ መሪውን ይያዙ!» አለች ብሪን። ሁሉም ከመኪናው ኋላ ተደረደሩ። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት!» ገፉ። መኪናው እንደ ጥጃ ዘልሎ ወጣ፤ ብሪን የምትደገፍበት አጥታ በግንባሯ በረዶው ውስጥ ተተከለች። ጓደኞቿ በሳቅ ሞቱ። አፍንጫዋ ላይ በረዶ ይዛ ተነሥታ እጇን አውለበለበችልን።

ማርሊስ መስኮቱን አውርዳ፣ «አመሰግናለሁ፣ ልጆች! ሁላችሁንም አመሰግናለሁ!» አለች። ደጋግማ አለች። አውቶቡሱ ጡሩንባውን እየነፋ አለፈን፤ እኛም መብራታችንን አብርተን ቀስ እያልን ወደ ቤታችን ነዳን።